አራት ሰዓት ላይ የሚደነግጥ ብርሃን

ግልፍተኛ ነኝ። ይህን ቀድሜ የምናገረው ባልደረቦቼ እንዳይቀድሙኝ ነው። ያን ሰሞን ከወፍጮ ቤት ባለቤት ጋር ተጣላሁ፤ ከፀሐይ ጋር ተጣላሁ፤ ከመብራት ጋር መጣላቴንማ እዚህ አገር ማንም እንደ ጠብ አይቆጥረውም። የጠቡ ሁሉ መነሻ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር የማትበልጥ አንዲት ቺፕ ነበረች።

ደብረ ታቦር ላይ በዩኒቨርሲቲው ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ጎን ለጎንም የዶክትሬት ጥናቴን እሠራለሁ። ቺፗን ከባሕር ማዶ ያለ አንድ ቤተ ሙከራ ለሦስት ወር አውሶን ነው። በተራው ቺፕ ውስጥ የሚሯሯጠው ኤሌክትሪክ ነው፤ በዚህች ውስጥ ግን ብርሃን ነው። ብርሃኑ የሚሄድበት መንገድ በእንግሊዝኛ አፍ የሚያደክም ስም አለው። እኛ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቦይ አልነው። የፎገራ ገበሬ ውሃውን በቦይ እየመራ ሽንኩርቱን እንደሚያጠጣ፣ ይህም ቦይ ብርሃንን ይመራል፤ ልዩነቱ ከፀጉር እጅግ የቀጠነ መሆኑ ነው።

የእኛ ቦይ መንገድ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ ጥቂት እልፍ ብሎም መልሶ አንድ ይሆናል። ከሁለቱ በአንደኛው ላይ ቀጭን የብረት ክር ተነጥፏል። በክሩ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይሞቃል፤ ቦዩ ሲሞቅ ደግሞ በዚያ በኩል የሚሄደው ብርሃን በጥቂቱ ይዘገያል። ጨዋታው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ብርሃኖች እርምጃቸው ገጥሞ ከተገናኙ ይደምቃሉ። አንዱ በግማሽ እርምጃ ከዘገየ ግን ሲገናኙ ይጠፋፋሉ። ብርሃን በብርሃን ላይ ተደምሮ ጨለማ ይሆናል። ይህን ክፍል ውስጥ ሳስተምር አንድ የሚስቅ ተማሪ አይጠፋም፤ እኔም ድሮ ስቄበታለሁ።

የእኔ ሥራ ሙቀቱን ቀስ እያልሁ ከፍ ዝቅ በማድረግ ብርሃኑን ማድመቅ፣ ማጥፋት፣ እንደገና ማድመቅ ነበር። ያንኑ ያህል ሙቀት ሁልጊዜ ያንኑ ያህል ብርሃን እንደሚሰጥ ማሳየት ነበረብኝ፤ ለዚያም አምስት ሰዓት ሙሉ እንከን የሌለው ልኬት ያስፈልገኛል። አምስት ሰዓት ካልተገኘ አራተኛው ምዕራፍ የለም፤ ምዕራፉ ከሌለ ምርቃቴ ለሦስተኛ ጊዜ ይገፋል። ሁለተኛው ጊዜ ላይ እናቴ ለድግሱ የጠነሰሰችውን ጠላ ለሰንበቴ ማኅበር ሰጥታ ገላገለችኝ። ሦስተኛውን እሷም አትችለውም፤ እኔም አልችለውም።

ማሞቂያውን በራሱ የሚቆጣጠረው መሣሪያ መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጠለብን። ስለዚህ ሥራው የሦስት ሰው እጅ ጠየቀ። እኔ የማሞቂያው ማዞሪያ ላይ ጣቴን አሳርፌ በስሱ አዞራለሁ። ቴክኒሻናችን ብርሃን የሚያስገባውን የፋይበር ክር ከቦዩ አፍ ጋር ገጥመው የሚይዙትን ጥቃቅን ብሎኖች እንደያዘ ይቀመጣል፤ ክሩ ትንሽ ፈቀቅ ካለ ብርሃኑ ወደ ውጭ ይፈስሳል። የማስተርስ ተማሪዬ ደግሞ መለኪያውን እያነበበች ትጽፋለች። ይህች ልጅ የማትጽፈው ነገር የለም። በሩ ሲከፈት ትጽፋለች፣ ሰው ሲያስነጥስ ትጽፋለች፣ አጥር ጥግ የታሰረች አህያ ስታናፋ እንኳ ሰዓቱን አስፍራ ትጽፋለች።

መሣሪያው የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ፈጽሞ የማይነቃነቅ መሆን አለበት። በሌላው ዓለም ለዚህ ተብሎ የተሠራ ከባድ ጠረጴዛ አለ። እኛ ያ ስለሌለን ቴክኒሻናችን በጋፋት መንገድ ሄዶ ከአንድ ገበሬ ጓሮ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ለምኖ አመጣ። ገበሬው ለምን እንደፈለገው ሲጠይቁት "ብርሃን ልናስቀምጥበት" አላቸው። "እሱስ ደግ፤ እኔ ለመቃብር መስሎኝ ደንግጨ ነበር" ብለው አሸከሙት። ድንጋዩን በግማሽ በተነፋ የሚኒባስ ጎማ ከመነዳሪ ላይ አሳረፍነው፤ ከመነዳሪው የመሬቱን ንቅናቄ ይውጥልናል። ከጋፋት ድሮ መድፍ ወጥቷል ይባላል፤ እኛም በአቅማችን ድንጋይ አወጣን።

ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ የሆነ መሰለን። ከዚያ አንድ ችግር መጣ። በየቀኑ፣ ጧት አራት ሰዓት ገደማ፣ ብርሃኑ ይደነግጣል። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። ደህና ሲሄድ የቆየው ልኬት ድንገት ይዘልላል፣ ይወድቃል፣ ጥቂት ቆይቶ ይመለሳል፤ ሲመለስ ግን የነበረበት ቦታ ላይ አይደለም። ከዚያ በፊት የተለካው በሙሉ ውሃ በላው ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ እንዳንለካ ደግሞ ሦስታችንም የምናስተምረው፣ የምንማረውና የምንሮጥበት አለን።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ሥሩን ፍለጋ ገባን። በመጀመሪያ የጠረጠርነው ፀሐይን ነበር፤ አራት ሰዓት ላይ በመስኮቱ በኩል ብቅ ትላለች። ጋቢዬን በመስኮቱ ላይ ሰቀልሁ፤ ደብረ ታቦር ላይ ጋቢን ለመስኮት ሰጥቶ መዋል ምን ማለት እንደሆነ የጉናን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ብርሃኑ ግን መደንገጡን አልተወም። ቀጥሎ ከግቢው ጀርባ ያለውን ወፍጮ ቤት ጠረጠርነው። ባለቤቱ ሥራ የሚጀምረው በዚያው ሰዓት ነው። ሄጄ ለመንሁት፤ መለመን ስለማልችልበት ተጣላሁት። "ብርሃን ደግሞ በዱቄት ይታመማል?" አለኝ። በመጨረሻ ለሁለት ቀን ብቻ አርፍዶ ሊጀምር ተስማማ። በሁለቱም ቀን ብርሃኑ በአራት ሰዓት ደነገጠ፤ ገበያተኛው ግን እህሉን ይዞ ወፍጮ ቤቱ ደጅ ላይ ተሰልፎ የሚረግመው እኔን ነበር።

ያን ጊዜ ነው ተማሪዬ መዝገቧን ገልጣ፣ አንገቷን ደፍታ፣ "እንዲያው ለነገሩ... በአራት ሰዓት የሚመጡት የኔታ ናቸው" ያለችው።

የኔታ የሕንጻችን ጥበቃ ናቸው። ቀድሞ የቄስ ትምህርት ቤት መምህር ነበሩ፤ ለእኔም ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። በእርጅናቸው ተማሪ ሲሳሳባቸው ይህን ሥራ ያዙ። ቢሆንም የግቢው ሰው ሁሉ፣ ከእሳቸው ፊደል ያልቆጠረውም ጭምር፣ የኔታ ይላቸዋል። ጧት አራት ሰዓት ላይ መቋሚያቸውን ይዘው ክፍሎቹን ሁሉ ይዞራሉ፤ እኛ ጋ ሲደርሱ ገባ ብለው እንዴት እንዳደርን ይጠይቁናል፣ ይመርቁናል፣ ይወጣሉ።

ተማሪዬ ላይ ጮህሁባት። ከየኔታ በቀር የሚጠረጠር ጠፋና ነው? መዝገቡ ግን አይዋሽም። ሌላ ሰው በሩን ከፍቶ ሲገባ ምንም የለም፤ የኔታ ሲገቡ ብርሃኑ ይዘልላል። ቴክኒሻኑ "ኪሳቸው ውስጥ ያለችው ስልክ ትሆናለች" አለ። ሰበብ ፈጥረን ስልካቸውን እንዲያጠፉ ለመንናቸው፤ አጠፉ። አልሆነም። መቋሚያቸው ጫፉ ብረት ነው፤ ወለሉን ሲነካው ይሆናል ብለን ውጭ እንዲያስደግፉት ለመንናቸው። "ደግ፤ ከዘመኑ ጋር በትር የሚያስጥል ትምህርት መጣ" ብለው አስደገፉት። አልሆነም። ተማሪዬ ፈራ ተባ እያለች "ምርቃታቸው ቢሆንስ?" አለች። የዶክትሬት ጥናት ላይ ይህን እንዴት እንደምጽፈው ማሰብ ጀምሬ እንደነበር አልሸሽግም።

ጊዜው አለቀ። ዓርብ ጧት ቴክኒሻናችን ቺፗን ይዞ፣ በሐሙሲት አድርጎ፣ ባሕር ዳር መውረድና ወደ ባለቤቶቹ ለሚመለስ ሰው ማስረከብ ነበረበት። የቀረን ረቡዕና ሐሙስ ብቻ ነው። ለሁለቱ ቀን ከሌላው ሥራችን ፈቃድ ወሰድን።

ረቡዕ ጧት አንድ ፊርማ ፍለጋ አስተዳደር ሄጄ ስለዘገየሁ ሌሎቹ ሁለቱ ያለእኔ ብሎኑንና መለኪያውን እያስተካከሉ ጠበቁኝ። ስመለስ በመስኮቱ በኩል ሳልፍ፣ የሰቀልሁት ጋቢ ጠርዙ ተገልጦ ኖሮ ውስጡ ታየኝ። የኔታ በሩን ገፋ አድርገው ሲገቡ አየሁ። ወዲያው ቴክኒሻኑና ተማሪዬ ጠረጴዛውን ተደግፈው ብድግ አሉ። "ኖር!" አሉ፤ በመስታወቱ ውስጥ ተሰማኝ። "በእግዜር! ኧረ በእግዜር ተቀመጡ!" አሉ የኔታ። የቴክኒሻኑ እጅ ብሎኑን ለቅቆ ደረቱ ላይ ነበር። የተማሪዬ ክርን የማሞቂያውን ማዞሪያ እግረ መንገዱን ገፍቶት ሄዷል። እኔ ደግሞ፣ ማንም ሳያየኝ፣ ደጅ ቆሜ፣ በመስኮት በኩል ለየኔታ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሳሁ ነበር።

እዚያው ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብዬ ሳቅሁ። ለሦስት ወር ያህል ሦስት የተማርን ሰዎች ነን የምንል፣ አህያ ስታናፋ የምንጽፍ፣ ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ ማለታችንን አንድም ቀን አልጻፍንም። መተንፈሳችንንስ መቼ ጻፍን? ለሌላው ሰው ቀና ብለን ሰላም ብለን ሥራችንን እንቀጥላለን። ለየኔታ ግን ጉልበታችን እኛን ሳይጠይቅ ይነሣል፤ እጃችን ከመሣሪያው ይለቃል፤ ሙቀቱ ይዛነፋል፤ ክሩ ፈቀቅ ይላል። ብርሃኑ አልደነገጠም። የተነሣነው እኛ ነን።

ምክንያቱ ከታወቀ መድኃኒቱ ቀላል ነው ያለ ልማድን አያውቀውም። ረቡዕ ከረፋዱ ጀምሮ መብራት ስለጠፋ ከሰዓት በኋላውን ልምምድ አደረግንበት። ቴክኒሻኑ ጋቢዬን ከመስኮቱ አውርዶ ለበሰ፣ መጥረጊያ እንደ መቋሚያ ያዘ፣ በሩን ከፍቶ "እንዴት ዋላችሁ?" እያለ ገባ። አልተነሣንም። ደግሞ ገባ፤ አልተነሣንም፤ እንዲያውም ሰደብሁት። አምስት ጊዜ ገብቶ አምስቴም ከወንበራችን ንቅንቅ አላልንም። ሰለጠንን ብለን ወደየቤታችን ሄድን።

ሐሙስ ጧት በጊዜ ጀመርን፤ ለጥንቃቄም በሩን ከውስጥ ቆለፍነው። አራት ሰዓት ሆነ። ኮቴያቸው ተሰማ። እጀታው ተንቀሳቀሰ፤ በሩ እንቢ አለ። "ሰላም ናችሁ ልጆቼ?" አሉ የኔታ ከውጭ። ሦስታችንም፣ በተቆለፈ በር ውስጥ፣ ለማያዩን ሰው፣ ብድግ አልን። ሁለት ሰዓት ሙሉ የተለካው እዚያው ፈረሰ። ቴክኒሻኑ በቆመበት "እኛ ሰው አንሆንም" አለ።

ከአምስት እስከ ዐሥር ሰዓት ያለው ጊዜ ብቻ ቀረን፤ ከዚያ በኋላ ቺፗ ትታሸጋለች። የኔታ ደግሞ ጧት በሩን ተዘግቶ ስላገኙት "ምን ሆነው ይሆን?" ብለው ሳያዩን እንደማይውሉ አውቃለሁ። ለሳቸው መንገር ግድ ሆነ። ማን ይንገር ብንል ሁለቱም እኔን አዩኝ። እኔ ሰው መቆጣት እንጂ እንዲህ ያለ ነገር መናገር የት አውቄ! ፊደል ያስቆጠረ መምህርን "አይምጡብን፤ ሲመጡ ሥራ ይበላሻል" ይባላል? ቢሆንም የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ነውና ወጣሁ።

ደረጃው ሥር ቆመው አገኘኋቸው። ስለ ብርዱ አወራሁ። ስለ ዘንድሮው ገብስ አወራሁ።

"ልጄ፣ የገብስ ነገር ልትነግሪኝ አይደለም የመጣሽ" አሉኝ።

"የኔታ... እርስዎ ሲገቡ እንነሣለን።"

"ተባረኩ።"

"ስንነሣ እጃችን ከመሣሪያው ይለቃል። ብርሃኑን የሚያውከው መነሣታችን ነው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። "ከመቼ ወዲህ?" አሉ።

"ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ፣ የኔታ።"

"እና ለዚህ ነው በትሬን ስታስጥሉኝ፣ ስልኬን ስታስጠፉኝ የከረማችሁት?" ብለው ሳቁ። በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ሳቁ። ከዚያ ኮስተር አሉና ብርሃኑ ምን ሲሆን ምን እንደሚሆን እንዳስረዳቸው ጠየቁኝ። ስለ ሁለቱ ቦዮች፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ መዘግየቱ ነገርኋቸው። ለተማሪዎቼ አንድ ሳምንት የሚፈጀውን እሳቸው በአፍታ ያዙት።

"ይህማ ማኅሌት ነው" አሉ። "ቀኝና ግራ ሆነን ስናሸበሽብ አንዱ ወገን ግማሽ እግር ከዘገየ ሁሉም ይፈርሳል። የሚያዘገየው ሙቀት ነው በይኝ?"

"አዎ፣ ሙቀት ነው።"

"ደብረ ታቦር ላይ ሙቀት ከየት አገኛችሁ!" አሉና መቋሚያቸውን አነሱ። "በይ ግቢ። ዝጉት። እስክትጨርሱ ከዚህ በር ማንም አያልፍም። እኔም ድምፄን አላሰማም።"

አምስት ሰዓት ላይ እንደገና ጀመርን። ጣቴ ማዞሪያው ላይ ነው። ብርሃኑ ደመቀ፣ ፈዘዘ፣ ጠፋ፣ መለስ አለ። ስድስት ሰዓት አለፈ። ከሰባት በኋላ የዲኑ ድምፅ ከኮሪደሩ ተሰማ፤ "ልጆቹ የሉም እን..." ብሎ መሃል ላይ ተቆረጠ። ሹክሹክታ ሰማን፣ ቀጥሎም ዲኑ በእግር ጣታቸው እየረገጡ ሲርቁ። ለዲኑም መነሣታችን አይቀርም ነበር፤ ግን ለሳቸው ቀስ ብለን ስለምንነሣ ራሳችንን ለመያዝ ጊዜ አገኘን። ስምንት ሰዓት ላይ ወገቤ የእኔ አልመስል አለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቴክኒሻኑ አፍንጫውን ሲበላው ተማሪዬ በእስክርቢቶዋ አከከችለት፤ ይህንንም ጻፈችው። ከውጭ በኩል የሰው መምጣትና መመለስ፣ ሹክሹክታና ዝምታ ብቻ ነበር።

ዐሥር ሰዓት ሲሆን ተማሪዬ እስክርቢቶዋን አስቀመጠች። "ሞላ" አለች። መስመሩ ከዳር እስከ ዳር አንድም ዝላይ የለበትም፤ ያንኑ ሙቀት ያገኘ ብርሃን ያንኑ ያህል ደምቋል። ለጥቂት ጊዜ ማናችንም እጃችንን ለማንሣት አልደፈርንም። ከዚያ ቴክኒሻኑ እልል አለ፤ ወንድ እልል ሲል ያን ቀን ሰማሁ።

ለየኔታ ለማብሰር በሩን ከፈትሁ። በሩ ጎን ላይ ቆመዋል። አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ አሳርፈው፣ ዓይናቸውን ወደ ኮሪደሩ አቅንተው ቆመዋል። ወንበራቸው አጠገባቸው ነው፤ ወንበሩ ላይ ምሳ ዕቃቸው እንደተቋጠረ ተቀምጧል።

"የኔታ! እስካሁን ቆመው ነው?" አልሁ፤ ደንግጬ ስለነበር ቁጣ ቁጣ አለኝ። "ወንበሩ እያለ ለምን አልተቀመጡም?"

"እንዴት አድርጌ ልቀመጥ?" አሉኝ፤ ጥያቄዬ ገርሟቸዋል። "ዲኑ መጡ። ሁለት ካህናት ሊጠይቁኝ መጡ። ያ ሽማግሌው የመዝገብ ቤት ሰውም መጣ። ተቀምጬ ቢያገኙኝ ለሁሉም ብድግ ማለቴ ነው። መነሣት ነው ብርሃኑን የሚያውከው አላልሽኝም?"

የእሳቸው መነሣት ምንም እንደማያደርግ፣ ከበሩ ውጭ መቶ ጊዜ ቢነሡ ብርሃኑ እንደማያውቀው ልነግራቸው አፌን ከፈትሁ። ከዚያ ፊታቸውን አየሁት፤ ሥራውን በደንብ የሠራ ሰው ፊት ነበር። አፌን መልሼ ገጠምሁ፤ እስከ ዛሬም አልነገርኋቸውም። ምሳ ዕቃውን አንሥቼ ክንዳቸውን ደግፌ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኋቸው። ሁለቱም ከውስጥ ወጥተው አጠገቤ መጡ። የኔታ ቋጠሯቸውን ፈትተው፣ ባርከው፣ ቀስ ብለው መብላት ጀመሩ። እስኪጨርሱ ድረስ ሦስታችንም ቆምን።